የባልሽ አለቃ ቀለበት ላይ ስላለው ስኳድራና ኮምፓስ

እህቴ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የባልሽ አለቃ ስኳድራና ኮምፓስ (የግንበኛ ማዕዘን መለኪያና ክብ መሳያ)፣ መሀሉ ላይ ጂ ፊደል ያለበት ቀለበት ያደርጋል፣ ፍሪሜሰን (ባጭሩ ሜሰን፣ የራሱ የሚስጥር ሥርዓት ያለው የወንድማማች ማህበር አባል) ነኝ ይላል፣ ባልሽም ስለነሱ መጠየቅ አብዝቷል፣ እናትሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ እየደወሉ ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው ብለው ያለቅሳሉ፣ እውነቱን የሚያውቅ አለ ወይ ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ግማሾቹ 666 ግማሾቹ ኢሉሚናቲ ብለው ጨርሰዋል። እኔ አባል አይደለሁም፣ የመሆን ሀሳብም የለኝም፣ ግን ዲሲና ቨርጂኒያ ውስጥ ለ17 ዓመት ታክሲ ስነዳ ከነዚህ ሰዎች ጋር ብዙ አውርቻለሁ፣ ቤታቸውም ገብቼ አይቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ስለያዘኝ ታሪካቸውን ስከታተል ኖሬያለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ። ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ሜትሮ የወረደ ሰው ኮረብታው ላይ ያለውን ትልቅ ማማ ያውቀዋል። ብዙ አበሻ በየቀኑ ስሩ ያልፋል፣ ምን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። የጆርጅ ዋሽንግተን የሜሶኖች መታሰቢያ ነው። ቁመቱ 333 ጫማ ነው፣ የግብጿን እስክንድርያ የጥንት መብራት ቤት አስመስለው ነው የሰሩት፣ የመሰረት ድንጋዩ በ1923 ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ባሉበት ተቀምጦ በ1932 ተመረቀ። እኔ መጀመሪያ የገባሁት ከኤርፖርት ያመጣሁት ሰውዬ አንድ ሰዓት ጠብቀኝ ሲለኝ ነው፣ ከምቀመጥ ብዬ አብሬው ገባሁ። ሊፍቱ ራሱ ይገርማል፣ ማማው ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ ነው የሚወጣው፣ እግርሽ ስር ይሰማሻል።

እኔን የያዘኝ ግን ሊፍቱ አይደለም። አስጎብኚው የሎጁ፣ ማለትም አባላቱ የሚሰበሰቡበት ቅርንጫፍ፣ መሪዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን የብር ጌጥ አሳየን። የዋናው ስኳድራ ነው፣ የሁለተኛው ውሃ ልክ፣ የሦስተኛው ቱንቢ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ደብረ ብርሃን ግንበኛ ነበር። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት ሦስቱም ከአሮጌ ጆንያ ውስጥ እየወጡ አያቸው ነበር፣ ቱንቢው ገመዱ በኖራ ነጭ ሆኖ። የአባቴ ዕቃ ፈረንጅ አገር በብር ተሰርቶ መስታወት ውስጥ ሳየው እንባዬ መጣ፣ ሰውየው ምን ሆንክ እስኪለኝ ድረስ።

እንግዲህ ሜሰን ማለት ግንበኛ፣ ድንጋይ ጠራቢ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ሎጅ የሚባለውም ድሮ ካቴድራል ሲሰራ ከግንቡ ጥግ የሚቀለስ ጎጆ ነበር፣ ድንጋይ የሚጠርቡበት፣ የሚበሉበት፣ ዕቃ የሚያስቀምጡበት፣ ልክ የግንባታ ሳይት ላይ እንደምናያት ቆርቆሮ ቤት። ያኔ መታወቂያ ወረቀት የለም፣ ብዙው ሰራተኛም ማንበብ አይችልም። አንዱ ከሩቅ ከተማ መጥቶ ባለሙያ ነኝ ሲል በምን ይለዩታል? በሚስጥር ቃልና በእጅ አጨባበጥ ነዋ። የሰለጠነውን ካልሰለጠነው መለያ፣ የደመወዝም ጉዳይ ነበር። ዛሬ ሁሉም ሰው የሚፈራው የሚስጥር ሰላምታ መነሻው ይሄ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ የሎጅ ቃለ ጉባኤ ከ1599 ጀምሮ ተጽፎ አለ። በኋላ ግንበኛ ያልሆኑ ባላባቶችና ምሁራን እየገቡ መጡ፣ ሰኔ 24 ቀን 1717 ለንደን ውስጥ አራት ሎጆች አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው የመጀመሪያውን ግራንድ ሎጅ፣ የሎጆች የበላይ ማለት ነው፣ አቋቋሙ። መጠጥ ቤት ነው ያልኩሽ፣ ዋሻ አይደለም።

ልማዶቻቸውን ስትሰሚ መጀመሪያ ያስደነግጣሉ። አዲስ የሚገባው ሰው ዓይኑ በጨርቅ ይታሰራል፣ ገመድ አንገቱ ላይ ይደረጋል፣ የግራ ሱሪው እስከ ጉልበት ይጠቀለላል፣ በር ላይ ሰይፍ የመዘዘ ዘበኛ ይቆማል። ሽርጣቸው ከነጭ የበግ ጠቦት ቆዳ ነው፣ የግንበኛ ሽርጥ መሆኑ ነው። እኔ በጣም የወደድኩት ግን ሲገባ ኪሱ ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ፣ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ቀለበት ሳይቀር መውለቁ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ መልሱ ከኛው መጽሐፍ ወጣ። አንደኛ ነገሥት 6፥7 ክፈቺ፣ የሰሎሞን ቤት ሲሰራ ድንጋዩ እዚያው ሲፈለጥ ስላለቀ መዶሻም መጥረቢያም የብረት ዕቃም ድምፁ አልተሰማም ይላል። ሥርዓታቸው በሙሉ በሰሎሞን ቤተ መቅደስ ዙሪያ ነው። በር ላይ የሚያቆሟቸው ሁለት ዓምዶች ያኪንና ቦዔዝ ይባላሉ፣ በኛ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያቁምና በለዝ የተባሉት ናቸው፣ ያው ነገሥት 7፥21። ሦስተኛው የአባልነት ማዕረግ ላይ ደግሞ ኪራም ስለሚባል የቤተ መቅደሱ ባለሙያ ተውኔት አላቸው፣ ሚስጥሩን አልናገርም ብሎ በሦስት ክፉ ሰራተኞች ተገደለ ይላሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ግን ኪራም የመበለት ልጅ፣ የናስ ሠራተኛ ነው እንጂ መገደሉ የለም፣ ያን ራሳቸው የጨመሩት ነው። እንግሊዝኛው ላይ ሰው ሲመረመር ሲፋጠጥ ሰርድ ዲግሪ የሚሉትም ከዚሁ ከሦስተኛው ማዕረግ የመጣ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ እንባ። ሉሲፈርን ያመልካሉ የሚለው ወሬ ከየት ዋናውን ጉልበት እንዳገኘ ይታወቃል፣ ሰውየውም በስም ይታወቃል። ሊዮ ታክሲል የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ነው። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያንን የሚሳደብ ነበር፣ በ1885 ንስሐ ገባሁ አለና ስለ ሜሶኖች መጽሐፍ ላይ መጽሐፍ ማውጣት ጀመረ፣ ሰይጣን ይጠራሉ፣ አሜሪካዊው መሪያቸው አልበርት ፓይክ ሉሲፈር አምላክ ነው ብሎ አዟል፣ ዲያና ቮን የምትባል ሴት ከመሀላቸው አምልጣ መጥታለች እያለ። ጳጳሳት አመኑት፣ እሱ ራሱ ሮም ሄዶ ፖፑ ተቀብለው አነጋገሩት። 12 ዓመት እንዲህ ኖረና ሚያዝያ 19 ቀን 1897 ፓሪስ ውስጥ ዲያናን አቀርባለሁ ብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ፣ ሁሉንም ፈጥሬ ነው የጻፍኩት አለ። በአፉ! ዛሬ በአማርኛ ዩቲዩብ ላይ የፓይክ ንግግር እየተባለ የሚነበበው ያ ጽሑፍ የዚህ ሰው ፈጠራ ነው፣ ሰውየው ራሱ ውሸቱን ካመነ ከ100 ዓመት በላይ አልፎት አሁንም እናቶቻችንን ያስለቅሳል፣ ይሄ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ኢሉሚናቲ ሌላ ነገር ነው። በ1776 ባቫሪያ ውስጥ አዳም ቫይስሃውፕት የሚባል ፕሮፌሰር ያቋቋመው ማህበር ነበር፣ በአስር ዓመት ውስጥ መንግስት አግዶ አጠፋው። ይሄን የምነግርሽ ለአንድ ነገር ነው፣ በቴሌግራም ኢሉሚናቲ ግቡ ሀብታም ትሆናላችሁ የሚሉ አሉ። የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ የመመዝገቢያ ብሎ ብር ልኮላቸዋል፣ ከዚያ የቀለበት፣ ከዚያ የጉምሩክ እያሉ ደጋግመው ወሰዱት፣ መጨረሻ ላይ ብሎክ አደረጉት። ትክክለኞቹ ሜሶኖች በልማዳቸው ሰው አይለምኑም፣ መግባት የፈለገው ራሱ ነው የሚጠይቀው፣ ከዚያ አባላቱ በነጭና በጥቁር ኳስ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ጥቁር ከወጣበት አይገባም። ስለዚህ የባልሽ አለቃ እየገፋፋው ከሆነ በራሳቸውም ልማድ ልክ አይደለም።

ንጹሐን ናቸው እያልኩሽ ግን አይደለም። በ1826 ኒውዮርክ ስቴት ባታቪያ ውስጥ ዊሊያም ሞርጋን የሚባል ሰው ሚስጥራቸውን አሳትማለሁ አለ፣ በትንሽ ዕዳ ሰበብ አሳሰሩት፣ ሲወጣ ሰረገላ ውስጥ ከተው ወሰዱት፣ ፎርት ናያግራ ድረስ መሄዱ ታውቋል፣ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። የተከሰሱትም በቀላል ቅጣት ወጡ። ህዝቡ በጣም ተቆጥቶ ፀረ ሜሰን ፓርቲ አቋቋመ፣ በ1832 ምርጫ ቨርሞንትን አሸንፏል። ስለ ሃይማኖቱም፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከ1738 ጀምሮ ከልክላለች፣ በ2023ም ደግማዋለች፣ የግሪክ ኦርቶዶክስም በ1933 አውግዛለች። እናንተ ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ባልሽ ከኔም ከፌስቡክም ይልቅ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

አሁን ዋናው ልነግርሽ የፈለግኩት። ዲሲ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጋ፣ የኛ ምግብ ቤቶች ያሉበት፣ አንድ ብሎክ ወደ 10ኛው ብትሄጂ ትልቅ ህንጻ አለ፣ 1000 ዩ ስትሪት። የፕሪንስ ሆል ሜሶኖች ቤት ነው፣ የጥቁሮቹ። ስንት ጊዜ በሩ ላይ ደንበኛ እየጠበቅሁ ቆሜያለሁ። ከዚያ የማመላልሳቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከኋላ ሳይሆን ከፊት ነው የሚቀመጡት። ከኢትዮጵያ መሆኔን ያወቁ ቀን፣ የኛ መስራች ስለ ንግሥታችሁ ምን እንዳለ ታውቃለህ አሉኝ።

ፕሪንስ ሆል ቦስተን የነበረ ነጻ ጥቁር ሰው ነው፣ ፕሪንስ ስሙ ነው፣ ልዑል ማለት አይደለም። ባርነት በነበረበት ዘመን የቦስተን ነጮች ሎጅ አላስገባው ሲል መጋቢት 6 ቀን 1775 ከ14 ጥቁር ጓደኞቹ ጋር በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ባለ የወታደሮች ሎጅ ገባ። ወር ተኩል ሳይሞላ የአሜሪካ አብዮት ጦርነት ፈነዳ፣ ወታደሮቹም በዓመቱ ቦስተንን ለቀው ሄዱ። እነ ሆል ፈቃድ ከማን ያግኙ? ለንደን ጻፉ፣ ለንደን በ1784 አፍሪካን ሎጅ ቁጥር 459 ብላ ፈቃዱን ሰጠች፣ ወረቀቱ እጃቸው የገባው ግን በ1787 ነው፣ ሦስት ዓመት ጠበቁ። አፍሪካን የሚለውን ስም ሳያፍሩበት ነው የያዙት።

ሰኔ 24 ቀን 1797 ሆል ማሳቹሴትስ ውስጥ ሜኖቶሚ በሚባል ቦታ ለሎጁ ንግግር አደረገ። ሽማግሌው ካወሩልኝ በኋላ ፈልጌ አንብቤዋለሁ። ቦስተን መንገድ ላይ ጥቁሮች እንዴት እንደሚሰደቡና እንደሚደበደቡ ይዘረዝርና አንገታችሁን አትድፉ ይላቸዋል። የሙሴን አማት ዮቶርን ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፣ ጃንደረባውን ያነሳል። ከዚያ ሰሎሞን ንግሥተ ሳባን እጇን ይዞ በእኩለ ቀን ወደ ግቢው ሲያስገባት አላፈረም፣ ስለ ሜሶንነት አዋራት፣ በዓለም ላይ ሴት ሜሰን ከነበረች እሷ ነበረች ይላል። ያኔ ሄይቲ ውስጥ ባሮቹ ተነስተው ነበርና፣ እሱን ጠቅሶ ኢትዮጵያ ከባርነት ወደ ነጻነት እጇን መዘርጋት ጀመረች አለ። አስቢው እስኪ፣ ዳዊታችን ላይ ያለችው ቃል፣ አድዋ ከመሆኑ 99 ዓመት በፊት፣ ቦስተን አጠገብ አንድ ጥቁር ሰው ስለኛ ስም እንዲህ ሲል። እኛ ደግሞ ያንን ህንጻ በየቀኑ እናልፈዋለን፣ እንጀራ ገዝተን። ዱክ ኤሊንግተንም ከነዚሁ ከዲሲ ፕሪንስ ሆሎች ነበር፣ ያው በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ጃንሆይ የሸለሙት ሙዚቀኛ። ነጮቹ ግራንድ ሎጆች ግን ፕሪንስ ሆሎችን ወንድሞቻችን ናቸው ለማለት እስከ 1989 ቆዩ፣ መጀመሪያ ያደረገችው ኮነቲከት ናት። ስለ ወንድማማችነት የሚሰብክ ማህበር 200 ዓመት መፍጀቱ ለኔ ከሰይጣኑ ወሬ በላይ የሚያሳፍር ነው።

የቀሩትን ወሬዎች ቶሎ ልንገርሽ። ጎንደር ድረስ የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ኤዲንብራ ውስጥ የሎጅ አባል ነበር፣ ይሄ እውነት ነው፣ ከዚያ ተነስተው ስለ ታቦት የሚቀጥሉት ግን መላ ምት ነው። ዶላሩ ላይ ያለው ዓይን የሜሶኖች ነው የሚባለው አይደለም፣ ዓይኑ ያለበት የአሜሪካ መንግስት ማህተም የጸደቀው በ1782 ነው፣ የመጨረሻውን ዲዛይን የሰራው ቻርልስ ቶምሰን አባል አልነበረም። ዋሽንግተን ግን የእውነት ነበር፣ በ1793 የካፒቶልን የመሰረት ድንጋይ ሽርጡን አድርጎ በብር የግንበኛ ማንኪያ እሱ ነው ያስቀመጠው፣ እህል ወይንና ዘይት አፍስሰውበት። ማንኪያው ዛሬም አለ፣ ድንጋዩ ግን ተፈልጎ ተፈልጎ እስከ ዛሬ የት እንዳለ አልተገኘም።

ባልሽን ይዘሽው ያንን ማማ ጎብኙት፣ ማንም ግቡ አይላችሁም። የዋሽንግተን መኝታ ቤት ሰዓት እዚያ አለ፣ ሲሞት ሐኪሙና የሎጅ ወንድሙ የነበረው ሰው ያቆመው፣ ዛሬም በፈረንጅ ሰዓት 10፡20 ላይ እንደቆመ ነው። ለእናትሽ ደግሞ የታክሲልን ነገር ንገሪያቸው፣ ቀጥለሽ የ1797ቱን። እኔ ለእናቴ በስልክ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ ማክዳን ያውቋታል? አለችኝ። አዎ እማዬ አልኳት። እስኪ ያችን ቦታ ድገምልኝ አለች፣ ሁለት ጊዜ ደገምኩላት፣ ከዚያ ቢሆንም አንተ እንዳትገባ ብላ ስልኩን ዘጋች።