«ምን ብላ ተነሳችው?»

«ጋሼ፣ እጮኛዬ የገላሽን ፎቶ ላኪልኝ ይላል። እምቢ ስለው አታምኚኝም ብሎ ያኮርፋል። ምን ላድርግ?» ብላ አንዲት የደብረ ብርሃን ተማሪ ጠየቀችኝ። ዕድሜዬን ፎቶ ቤት ስለጨረስኩ ይመስለኛል እኔን የመረጠችው።

በደርግ ጊዜ እዚያው ከተማ ፎቶ አጣቢ ነበርኩ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ኬሚካሉን ያሰንፈዋል፤ ሳህኑን ከከሰል አጠገብ እናስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ የቀድሞ እጮኛውን ፎቶ ይዞ መጣ። ነጠላዋን ጥላ፣ ትከሻዋ ወጥቶ፣ ለእሱ ብቻ ብላ እኛው ጋ የተነሳችው ነው። «በዛ አድርጋችሁ እጠቡልኝ» አለ። አለቃዬ ገልመጥ አድርጎት ኔጋቲቩን፣ ፎቶው የሚታተምበትን ፊልም፣ ከሳጥን አወጣና እዚያው ልጁ እያየ በመቀስ ቆራረጠው። በቃ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ።

ልጁ ግን የያዘውን ሌላ ቦታ አስገለበጠው። በገበያ ቀን ፎቶው ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ዞረ። ከተማው ሁሉ «ምን ብላ ተነሳችው?» አለ። «አንተስ ምን ብለህ አዞርከው?» ያለው ሰው አልሰማሁም። እሷ አገር ለቃ አዲስ አበባ ገባች። እሱ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ካርታውን ሲጫወት ከረመ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። ያኔም ነበረ፤ ማን አውቆት!

አትላኪ፣ ልጄ። ዛሬ የሚቆራረጥ ኔጋቲቭ የለም። አጥፍቼዋለሁ ቢልሽ ስክሪን ሹት አለ፤ ስልኩም ሲበላሽ ጥገና ቤት ይገባል። የዛሬ ልጆች ደግሞ ምሳችሁን እንኳ ሳታሳዩ አትጎርሱም።

እንዲህ ስል ከጠጅ ቤቱ ሰዎች ጋር የተቀመጥኩ ይመስለኛል። የላከችውማ ለምትወደው ነው የላከችው፤ ወንጀለኛው ያሰራጨው ነው። ቢሆንም አትላኪ።

«እበትነዋለሁ» የሚል ከመጣ ብር እንዳትሰጪ። አንዴ የቀመሰ ይደግማል። መልእክቱን አታጥፊ፣ ማስረጃሽ ነው። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለ ማስፈራራት ሲከብድ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። ዕድሜሽ 18 ከሞላ ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልክሽ ሳይወጣ አሻራውን፣ ማለትም ፎቶው የሚለይበትን ኮድ፣ ብቻ ወስዶ እነ ፌስቡክና ቲክቶክ እንዲያግዱት ይልክላቸዋል። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄጂ ታላቅ እህትሽን ወይም አክስትሽን ይዘሽ ሂጂ። ቃልሽንም አንብበሽ ሳትጨርሺ አትፈርሚ።