ዙሩ የሚጀምረው መሬት ላይ ነው

“ጋሼ፣ 360 ስሞክር ሁሌ በግራ ጎኔ ነው የምወድቀው። ሚዛን የሚያሻሽል ልምምድ ካለ ይንገሩኝ።” የጻፈችልኝ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ የምትኖር አንዲት ልጅ ናት። 360 ማለት በስኪ ዘሎ አየር ላይ አንድ ሙሉ ዙር መዞር ነው። በሁለት መስመር መልሼላት ወደ ቡናዬ ልመለስ ነበር። ግን ነገርን ነገር ያነሳዋልና አንድ የቆየ ቁጭት መጣብኝ። ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው፤ ዴንቨር ዙሪያ ላላችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ ተሰልፋችሁ ተራራ ለምትወጡ የሐበሻ ልጆች።

ቁጭቱ ስለ አንድ ጓደኛዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዊንተር ስኪ የሚነዱትን ወደ ተራራው በሚያወጣው ሊፍት ላይ አብረን እንሠራ ነበር። ሥራው ሰው ማሳፈርና በረዶ መዛቅ ነው። ደሞዙ አይወራም፣ የስኪ ፓሱ ግን በነፃ ነበር። የካቲት ላይ አሜሪካዊው ስኪተኛ ጆኒ ሞዝሊ ናጋኖ ኦሎምፒክ ላይ 360 እየዞረ ስኪውን በእጁ ጨብጦ ወርቅ ወሰደ። ሠራተኞች የምናርፍበት ክፍል ውስጥ ቲቪው ሥር ተኮልኩለን ነበር ያየነው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ አበደ።

ጓደኛዬ ጎንደር እያለ በረኛ ነበር። ሰውነቱ ያዘዘውን ሁሉ እሺ ይለዋል። እኔ ገና ጉብታ ሳይ ስጨነቅ እሱ ጉብታው ላይ ይጫወት ነበር። ሊፍቱ ሲቆም ከጫካው ዳር በአካፋ ወደ ሠራናት መዝለያ እንሄዳለን። ከወገብ አትበልጥም። አንድ አብሮን የሚሠራ ልጅ፣ እሱም ከየቪዲዮው የለቀመውን ነው፣ “ትከሻህን ወርውር! በኃይል ወርውር!” እያለ ይጮህበታል። እሱም ይወረውራል። አንዳንዴ ዞሮ በእግሩ ያርፍና እናጨበጭባለን። ብዙ ጊዜ ግን ሦስት ሩብ ዙር ላይ ስኪው አግድም እንደሆነ መሬት ይነካል። ያኔ የነበረን ስኪ ደግሞ ኋላው አልተቆለመመም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ካረፍክ በረዶው ውስጥ ይሰካል።

የመጋቢት መጨረሻ ነበር። ቀን በፀሐይ የላመው በረዶ ጥላ ሲያርፍበት ወዲያው ይደርቃል። ጓደኛዬ ዘለለ፣ አግድም አረፈ፣ የስኪው ጠርዝ በረዶውን ነክሶ ቆመ፣ ሰውነቱ ግን መዞሩን ቀጠለ። ጉልበቱ ነው የከፈለው። ፓትሮሎቹ፣ የተራራው ነፍስ አድኖች፣ ስሌድ ላይ ሲጭኑት እሱ በአማርኛ “ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ” ይላቸዋል፤ እነሱ “ኦኬ፣ ኦኬ” ይሉታል።

እኔ ሌላ ሰው እንዳይዘልባት መዝለያዋን ላፈርስ አካፋ ይዤ ቀረሁ። ዱካው በረዶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከላይ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይመጣሉ። የመዝለያዋ ጫፍ ጋ ሊደርሱ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራቸው ወደ ግራ ይጠመዘዛሉ፣ ይሰፋሉ፣ የተፋቀው በረዶ ጎን ላይ ተከምሯል። ገና መሬት ላይ እያለ መዞር ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ቆሜ አየሁት። እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ አልኩ። ምን እንደሆነ የምናገርበት ቃል ግን አልነበረኝም። አፈረስኳት።

ሆስፒታል ስጠይቀው ያወራነው ስለ ቤት ኪራይ ነው። ስኪውን በርካሽ ሸጠው። ዛሬ ዳላስ ነው፣ ትራክ ይነዳል፣ ልጆቹም አድገዋል። ከዓመታት በኋላ ለአስተማሪነት ስሠለጥን አሠልጣኛችን መዝለያ ጎን አቆመንና “አየር ላይ ያለውን ሰው ተዉት፣ ጫፉ ላይ ያለውን እዩ” አለን። ያ ዱካ ትዝ አለኝ። ማታውኑ ደወልኩለት። “አሁን ምን ያደርግልኛል!” ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ተራራው ላይ ካየኋቸው የእኛ ልጆች እሱን የሚያህል አልነበረምና።

እንግዲህ አንዴ አየር ላይ ከወጣችሁ የምትገፉት ነገር የለም። ዙሩን የምታገኙት ጫፉ ላይ፣ እግራችሁ በረዶውን እየገፋ ባለባት ቅጽበት ብቻ ነው። ጓደኛዬ ግን ጫፉ ጋ ሳይደርስ ስለጀመረ ስኪው ተንሸራተተበት፣ የሚገፋበትን አጣ። እናቴ ጥጥ ስትፈትል እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ ቀጥ ብሎ ከተነሳ ቀጥ ብሎ ይዞራል፣ አጋድሎ ከተነሳ ይንገዳገዳል፣ መሃል ላይ የምታቃናው ነገር የለም። ያቺ ልጅ በግራ ጎኗ የምትወድቀውም ስትነሳ አጋድላ ስለምትነሳ ነው። ግራ ትከሻዋን ጥላ መሬት መሬት እያየች እንደምትዞር እወራረዳለሁ። ጭንቅላት የሄደበት ትከሻ ይከተላል። በትከሻችሁ አሻግራችሁ ሩቅ እዩ፤ ስኪያችሁን አትዩ።

ወደ መዝለያው ስትጠጉ ስኪው ጠፍጣፋ ይሁን፣ ጉልበት ይታጠፍ፣ ቅልጥማችሁ የስኪ ጫማውን የፊት ምላስ አይልቀቅ። ትከሻችሁን ትንሽ ወደ ተቃራኒው አዙራችሁ ያዙት። ጫፉ ላይ ከቁርጭምጭሚት፣ ከጉልበትና ከዳሌ በአንድ ጊዜ ተነሱ፣ ትከሻውንም እዚያው ልቀቁት። መወርወር አያስፈልግም፣ መልቀቅ ይበቃል። ግማሽ ሜትር ከፍ ብላችሁ እኩል ከፍታ ላይ ብታርፉ አየር ላይ የምትቆዩት 0.6 ሰከንድ ገደማ ነው። እዚያ ውስጥ እጃችሁን ወደ ደረት ከሰበሰባችሁ ዙሩ ይፈጥናል፣ ከዘረጋችሁ ይዘገያል። ሌላ መሪ የላችሁም። ሦስት ሩብ ላይ ማረፊያውን በዓይናችሁ ያዙት፣ ሁለቱን ስኪዎች እኩል አሳርፉ፣ ክብደታችሁ ወደ ኋላ አይሂድ፤ የጉልበት ጅማት ከሚበጠስባቸው መንገዶች አንዱ እሱ ነው።

ትልልቆቹ ዘላዮች ጫፉ ላይ በስኪው ጠርዝ ታጥፈው ሲነሱ ታያላችሁ፣ አውቃለሁ። ዱካቸውን ሄዳችሁ እዩት። ቀጭን መስመር ነው፣ የተፋቀ ነገር የለውም። እሱ የሚያስፈልገው ዙሩ ሲበዛ ነው፣ ለ360 ግን ትርፍ ነው።

የዘንድሮ ልጆች ችግራችሁ ችኮላ ነው። ስኪ ዘላይዋ ኤሊን ጉ በ2022 ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ አራት ዙር ተኩል ዞራ ወርቅ ስትወስድ አይታችሁ፣ በማግስቱ የስኪ መዝለያ ፓርኩ ውስጥ ትልቁ መዝለያ ላይ ትሰለፋላችሁ። እሷም ያኔ 18 ዓመቷ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ከዚያ በፊት ትራምፖሊንና የስፖንጅ ጉድጓድ ላይ ስትዘል ያሳለፈችውን ጊዜ ግን ማንም ቲክቶክ ላይ አይለጥፈውም። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ወይም አይ፣ አውጡት፣ ግን ጓደኛችሁ ከጎን ሆኖ ጫፉን ይቅረጽ። አየር ላይ ያለው ፎቶ ለእናታችሁ ይሁን።

ልምምድ ላለችው፣ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ በጫማ ዝለሉ፣ ዞራችሁ በሁለት እግር ጸጥ ብላችሁ እረፉ። ከዚያ በስኪ ሜዳ ላይ። ከ180፣ ማለትም ከግማሽ ዙር፣ ጀምሩ ይባላል፣ እኔም ሳስተምር እንደዚያው እላለሁ፤ ልክ ልናገር ካላችሁኝ ግን 360 ይቀላል፣ የምታርፉት ፊታችሁን ወደ ቁልቁል አዙራችሁ ነውና። 180 ወደ ኋላ ያሳርፋችኋል። ወደ ኋላ መንሸራተት የማይችል ልጅ ሁለቱንም ባይሞክር ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ግማሽ ላይ የቀረ 360 ያው 180 ነው። ስለ ሄልሜት አልጽፍም፤ እሱን ያላደረገ ይህን አያንብብ።

ወላጆቻችሁ “በረዶ የእኛ አይደለም” ይሏችኋል። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ኦሎምፒክ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ሲገባ ምግብ ቤት ውስጥ ክትፏቸውን ትተው ያጨበጨቡ ሽማግሌዎች አይቻለሁ። የእሱ አገር አቋራጭ ስኪ ነው፣ ዝላይ የለበትም። እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው።

የምትዘነጉት ሌላው ነገር ፍጥነት ነው። ካነሰባችሁ ከማረፊያው ተዳፋት በፊት ያለው ጠፍጣፋ ላይ ትወድቃላችሁ፣ ጉልበት የሚበላውም እሱ ነው። መጀመሪያ ሳትዞሩ በቀጥታ ዝለሉ። ተዳፋቱ ላይ ያሳረፋችሁን መነሻ ቦታ በዛፍ ወይም በምሰሶ ምልክት ያዙ። ከሰዓት በረዶው ሲላም ስኪውን ስለሚይዘው ያው ቦታ አይበቃችሁም፣ ከፍ ካለ ቦታ ተነሱ። ጠዋት ግን ደረቅ ነው፣ ዝቅ ካለ ቦታ ጀምሩ። ማረፊያው እስኪለሰልስም ዙሩን ተዉትና በቀጥታው ብቻ ተጫወቱ።