መሠረቱን ከማስቆፈራችሁ በፊት የውሃውን መንገድ ፈልጉ

ጠያቂያችን ከወላጆቻቸው የወረሱት የድንጋይ ቤት ግድግዳው እንደተሰነጠቀና አንደኛው ማዕዘን እንደሰመጠ ገልጸው፣ «ግንበኛው መሠረቱ ዙሪያውን ተቆፍሮ በኮንክሪት ይደገፍ ይላል፤ ወንድሜ ደግሞ ጣሪያውንና ልስኑን አድሰን እንግባበት ይላል፤ ከየትኛው እንጀምር?» ሲሉ ጠይቀዋል። ተመሳሳይ ጣጣ የነበረበትን የአያቶቼን ቤት ከእህቶቼ ጋር ሆነን ስላሳደስን የማውቀውን ልበል። ከመሠረቱ ጀምሩ፤ ነገር ግን መሠረቱን ያናጋው ነገር ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቁፋሮ አይጀመር።

ለአሥርት ዓመታት ጸንቶ የኖረ ቤት ዛሬ መንቀሳቀስ ከጀመረ፣ ብዙውን ጊዜ የተለወጠው ከመሠረቱ ሥር ያለው አፈር ነው፤ አፈሩን የሚለውጠው ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ነው። የሸክላነት ባሕርይ ያለው አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አሸዋማው ደግሞ ከተሰበረ ቧንቧ በሚወጣ ውሃ እየታጠበ ከመሠረቱ ሥር ባዶ ቦታ ይተዋል። በእኛ ቤት የሰመጠው ማዕዘን ላይ የአሸንዳው መውረጃ ከታች ተነቅሎ ስለነበር፣ የጣሪያው ውሃ ሁሉ የሚወርደው እዚያው ግድግዳው እግር ሥር ነበር። ድንጋዩ እስከ ጉልበት ድረስ አረንጓዴ ለብሶ፣ በመካከሉ ያለው የኖራ መጋጠሚያ በጥፍር ሲጫር ይረግፍ ነበር። ስለዚህ መውረጃውን አስቀጥላችሁ ውሃውን ከቤቱ አርቁ፣ የተቀበሩ ቧንቧዎችን አስመርምሩ፣ መሬቱም ከግድግዳው ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትር ውስጥ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ እንዲሄድ አስተካክሉ። ለግድግዳው የቀረበ ትልቅ ዛፍ ካለም አፈሩን የሚያደርቀው እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በችኮላ አትቁረጡት፤ ዛፉ ይመጥጠው የነበረው ውሃ አፈሩ ውስጥ ሲቀር፣ ሸክላማው አፈር አብጦ መሠረቱን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላልና።

ይህን እየሠራችሁ ስንጥቆቹን መከታተል ትችላላችሁ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ሚስማሮች መትታችሁ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየጊዜው ለኩ፤ ስንጥቁ የሚያልቅበትንም ቦታ በእርሳስ አስምራችሁ ቀኑን አጠገቡ ጻፉ። ቢያንስ አንድ እርጥብና አንድ ደረቅ ወቅት ሳያልፍ ቆሟል ወይም ይሄዳል ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ስንጥቅ ዳርና ዳሩ ወይም ማዕዘኑ እየወረደ መሆኑን ሲጠቁም፣ ከታች የሰፋው ደግሞ የግድግዳው መካከል መስመጡን ይጠቁማል። ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ግድግዳው ከቱንቢ ከወጣ ወይም በሮች አልዘጋ ካሉ ግን ወቅት መጠበቅ የለም፤ ወዲያውኑ መሐንዲስ ይጠራ።

ግንበኛው «ዙሪያውን» ያለው ነገር በእውነት አስደንግጦኛል። የድንጋይ ግድግዳን እግር በአንድ ጊዜ ባዶ ማድረግ ቤቱን ሊያፈርስና ሠራተኞችን ሊቀብር ይችላል። መደገፉ የግድ ሆኖ ከተገኘ የሚሠራው በየተራ ነው፤ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር የሚሆን ክፍል ተቆፍሮ ኮንክሪት ይሞላል፣ ኮንክሪቱ ሲጠነክር በእርሱና በአሮጌው መሠረት መካከል የቀረው ክፍተት እርጥበቱ አነስተኛ በሆነ የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ተጠቅጥቆ ይደፈናል፤ የጎን ክፍሉ የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው፣ እስከዚያው ቁፋሮው ራቅ ወዳለ ክፍል ይሄዳል። የሰመጠውን ማዕዘን ብቻ እንደግፍ የሚል ሐሳብም ይነሣ ይሆናል፤ እርሱም ቢሆን ያለ ስሌት አይደረግም፤ አንዱ ወገን ጥልቅ መሠረት ላይ ሲቆም ሌላው በቀድሞው ላይ ከቀረ፣ በመገናኛቸው ላይ አዲስ ስንጥቅ ሊወጣ ይችላል። ጥልቀቱንና ቅደም ተከተሉን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው፤ አስቀድሞም ከመሠረቱ ጎን የመመርመሪያ ጉድጓድ አስቆፍሮ የአፈሩን ዓይነት ማየት ይኖርበታል። እኛ ዘንድ ውሃው ከቤቱ እንዲርቅ ከተደረገ በኋላ ስንጥቁ መስፋቱን ስላቆመ፣ መሐንዲሱ መደገፍ አያስፈልግም ብሎ የተጎዳውን ግንብ ብቻ አስጠገነ።

የወንድምዎን ሐሳብ በተመለከተ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ማፍሰሱን አሁኑኑ አስቁሙ፤ ሙሉ እድሳቱ ግን ይቆይ። ልስኑ የመጨረሻ ነው። ቤቱ በኖራ የተገነባ ከሆነም በኖራ ይለሰን፤ ጠንካራ የሲሚንቶ ልስን በግድግዳው ውስጥ ያለውን እርጥበት አፍኖ ስለሚይዘው ከጊዜ በኋላ ራሱ እየተላጠ ይወድቃል፣ ድንጋዩንም ይጎዳል።