አራተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ልጫን ወይስ ያገለገለ ስቲም ዴክ ልግዛ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄህን ላሳጥረው። አራት ኪሎ ነው የምትኖረው፤ ኮር አይ 5 አራተኛ ትውልድ፣ ባለ 8 ጊጋ ራም የቢሮ ላፕቶፕ አለህ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስላበቃ ሊኑክስ ጭነህ ጌም ልትጫወትበት አስበሃል። በዚያ ላይ ስታዲየም አካባቢ አንድ ሱቅ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ባለ 64 ጊጋ ስቲም ዴክ (የስቲም ጌም መደብር ባለቤት የሆነው ቫልቭ የሠራው፣ በሊኑክስ የሚሄድ በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተር) አይተሃል። ኤፍሲ (ድሮ ፊፋ የሚባለው የኳስ ጌም) እና ጂቲኤ ይሠራሉ ወይ፣ ቤት ዋይፋይ ሳይኖር በሞባይል ዳታ ይገፋል ወይ፣ መብራት ሲጠፋስ ነው ጥያቄህ።

ዕቃውን ለጊዜው ተወውና ከጌሙ ጀምር። ኤፍሲ ከሆነ ሕልምህ፣ ሁለቱም አይሆኑህም። ከፊፋ 23 ወዲህ ያሉት በሙሉ የራሳቸው አንቲ ቺት (ማጭበርበርን የሚከለክል ፕሮግራም) አላቸው፤ እሱም የዊንዶውስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ገብቶ ካልተቀመጠ ጌሙን አያስነሳም። ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ጌም የሚያስኬደው ፕሮቶን የሚባለው የቫልቭ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ። ሥራው ጌሙ በዳይሬክት ኤክስ (በዊንዶውስ የግራፊክስ ቋንቋ) የሚጠይቀውን ወደ ቩልካን (ሊኑክስ ወደሚረዳው) መተርጎም ነው። ዳይሬክት ኤክስን ይተረጉማል እንጂ የሌለ ከርነል ሊፈጥር አይችልም። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻህን ካሪየር ልትጫወት ብትልም አይከፈትም፤ አንቲ ቺቱ የሚነሳው ከጌሙ ጋር ነውና። ቫሎራንትና ፎርትናይትም እንደዚያው። ኤፔክስ ድሮ ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሊኑክስን ዘጉት። ጂቲኤ 5 ታሪኩ ያለ ችግር ይሄዳል፣ ኦንላይኑ ግን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ አያስገባም። ካውንተር ስትራይክ 2 እና ዶታ 2 የራሳቸው የሊኑክስ ቅጂ አላቸው። ለሌላው ሁሉ ከመግዛትህ በፊት ፕሮቶን ዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልግና የቅርብ ወራት አስተያየቶችን ብቻ አንብብ፤ የሁለት ዓመት ምስክርነት ዋጋ የለውም።

ኳስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ይሻለዋል። ይኼን ሻጭ አይነግርህም። ቤት ውስጥ ፕሌይስቴሽን ካለ ደግሞ ቺያኪ የሚባለውን ፕሮግራም ዴኩ ላይ ጭነህ በአንድ ራውተር ሥር ምስሉን ወደ እጅህ ማምጣት ትችላለህ፤ ዳታ አይበላም።

አሁን ላፕቶፑ። እንዲህ ያሉ ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል፤ ለሥራ ጥሩ ናቸው፣ ለፕሮቶን ግን አይሆኑም። ምክንያቱም የአሁኑ ፕሮቶን ውስጥ ያለው ተርጓሚ፣ ዲኤክስቪኬ የሚባለው፣ ቩልካን 1.3 ይፈልጋል፣ የአራተኛ ትውልድ ኢንቴል ግራፊክስ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ጌሙን ስትነካው ጥቁር ስክሪን ያመጣል ወይም ምንም ሳይል ይዘጋል፤ ሰው "ሊኑክስ አበላሸብኝ" የሚለው ያኔ ነው። ከስድስተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለው ይሠራል። ለአንተ ላፕቶፕ የሚቀሩት በኦፕን ጂኤል (በአሮጌው የግራፊክስ ቋንቋ) የሚሄዱ፣ የራሳቸው ሊኑክስ ቅጂ ያላቸው ናቸው፦ ካውንተር ስትራይክ 1.6፣ ሃፍ ላይፍ 2፣ ፖርታል 2፣ ስታርዲው ቫሊ። እነዚህ ይበቁኛል ካልክ ሊኑክስ ሚንት ጫንና ተጫወት። ራሙ አንድ ባለ 8 ጊጋ ብቻ ከሆነ ግን ሁለት ባለ 4 አድርገው፤ ግራፊክሱ የሚጠቀመው ከዚያው ራም ስለሆነ ሁለት ሆኖ ሲገባ ፍጥነቱ በግልጽ ይጨምራል።

ዴስክቶፕ ላላችሁም በአጭሩ፦ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 600 እና 700 አትግዙ፣ ድራይቨራቸው (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ስሪት 470 ላይ ቆሟል፤ ከ700ዎቹ 750 እና 750 ቲአይ ይለያሉ። ኤኤምዲ አርኤክስ 570 ያለ ምንም ድራይቨር ፍለጋ ይሠራል፣ ግን 150 ዋት ይበላል፤ የትናንሾቹ የቢሮ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላይ ለካርድ የሚሄድ ገመድ እንኳ የለውም። ለእነሱ ከማዘርቦርዱ ብቻ 75 ዋት የሚወስደው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ አጭሩ ዓይነት።

ሁለቱንም ሲስተም አብራችሁ የምትጭኑ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዊንዶውስ ላይ ያወረዳችሁትን ጌም ከዚያው ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፎርማት) ዲስክ ላይ በሊኑክስ ለማስነሳት አትሞክሩ። ፕሮቶን ለእያንዳንዱ ጌም የውሸት ሲ ድራይቭ ይሠራል፣ በውስጡም ስማቸው ባለ ሁለት ነጥብ ምልክት (:) ያለባቸው አቋራጮች አሉ፤ ያ ምልክት በኤንቲኤፍኤስ ፋይል ስም ውስጥ አይፈቀድም። ስለዚህ አንድ ቀን ይነሳል፣ በማግስቱ ዊንዶውስ ዲስኩን ሲፈትሽ ያፈርሰዋል። የዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ ካልጠፋ ደግሞ ዲስኩ ለሊኑክስ ማንበብ ብቻ ይሆናል። ጌሙን ኤክስት 4 (የሊኑክስ ፎርማት) ወዳለው ክፍል ቅዱት፣ አለቀ።

ወደ ዴኩ። ቫልቭ ወደ ኢትዮጵያ አይሸጥም፤ ከተማው ውስጥ ያለው ሁሉ በሰው ወይም በዱባይ በኩል የመጣ ነው። ያ ማለት ዋስትናህ ዛሬ ሱቁ ውስጥ ቆመህ የምታየው ብቻ ነው። ባለ 64 ጊጋው የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤልሲዲ ነው፦ 7 ኢንች፣ 1280 በ800፣ 60 ኸርዝ፣ 40 ዋት ሰዓት ባትሪ። ኦሌድ የሚባለው ሌላው ዓይነት 7.4 ኢንች፣ 90 ኸርዝና 50 ዋት ሰዓት ነው። አንዳንዱ ሻጭ ሁለቱን ያምታታል፤ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም የሚለውን ከፍተህ ሞዴሉንና የማከማቻውን መጠን እይ።

ሻጩ "ሪሴት አድርጌ ልስጥህ" ቢልህ "ቆይ" በለው። ሪሴት የተደረገ ዴክ ዋይፋይና የስቲም አካውንት ካላገኘ ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም፤ ያን ጊዜ መፈተሽ አትችልም። መጀመሪያ ፈትሽ፣ ዋጋ ስትስማሙ ፊትህ ሪሴት ያድርግ፤ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን የምታረጋግጠውም ያኔ ነው። ስትፈትሽ የፓወር ቁልፉን ረዘም አድርገህ ተጫንና ወደ ዴስክቶፕ ሞድ ግባ። ኢንፎ ሴንተር የሚለውን ፈልግ፣ ኢነርጂ የሚለውን ክፈት። እዚያ ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን ሙሉ ሲሆን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳይሃል። 40 የነበረው 35 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ30 በታች ከሆነ ዋጋ አስቀንስ ወይም ተወው፤ የኤልሲዲው ባትሪ በሙጫ የተለጠፈ ስለሆነ መቀየሩ ቀላል ሥራ አይደለም። ከዚያ ወደ ጌሚንግ ሞድ ተመለስ፣ ሴቲንግስ፣ ኮንትሮለር፣ የቁልፎች መሞከሪያውን ክፈት። ሁለቱንም ዱላዎች አሽከርክረህ ልቀቃቸው፤ ነጥቧ መሐል ተመልሳ ካልቆመች ዱላው ተበልቷል። ከኋላ ያሉትን አራት ቁልፎች አትርሳ፣ ማንም አይሞክራቸውም። በመጨረሻ ቻርጀሩን ሰክተህ አንድ ጌም አሥር ደቂቃ አስነሳ፤ ፋኑ መጮኹ ችግር የለውም፣ መንቀጥቀጡ ግን አለው።

64 ጊጋው ይጠብሃል። ጌሞቹን ሜሞሪ ካርድ ላይ ብታደርግም የሼደር ፋይሎች (ጌሙ ምስሉን ለመሳል ቀድመው የሚዘጋጁለት) እና እነዚያ የውሸት ሲ ድራይቮች የሚቀመጡት ውስጠኛው ላይ ነው፤ በጥቂት ወራት ይሞላል። ካርድ ስትገዛ ሐሰተኛው ስለበዛ ተጠንቀቅ። 512 ተብሎ የተጻፈበት ውስጡ 32 ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ይቀዳል፣ ከ32 በኋላ የቀዳኸው ሁሉ ይበላሻል። ሱቁ ውስጥ ዴኩ ራሱ ፎርማት ያድርገው፤ ካልተሳካ ጥፋቱን ዴኩ ላይ አትፈልግ፣ ካርዱን መልስ።

ዋናው መፍትሔ ውስጠኛውን ማከማቻ በትልቅ ኤስኤስዲ መቀየር ነው። የሚገባው 2230 የሚባለው አጭሩ ኤንቪኤምኢ ብቻ ነው፤ የላፕቶፑ ረጅሙ 2280 አይገባም። ከመክፈትህ በፊት ሜሞሪ ካርዱን አውጣ። ይኼን የረሳ ሽፋኑን ሲያነሳ ካርዱን ለሁለት ይሰብረዋል። ባዮስ (ከሲስተሙ በፊት የሚነሳው የቅንብር ገጽ) ውስጥ ገብተህ ባትሪውን ስቶሬጅ ሞድ ላይ አድርግ። ከኋላ ስምንት ብሎኖች አሉ፣ ርዝመታቸው ሁለት ዓይነት ነው፤ በወጡበት ቅርጽ ወረቀት ላይ ደርድራቸው፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ብታስገባ ፕላስቲኩን ይበሳል። ሽፋኑ ከላይ በኩል፣ ቁልፎቹ ባሉበት ጀምሮ ነው የሚላቀቀው። ውስጥ ያለውን የብረት ክዳን የያዙት ሦስት ብሎኖች ናቸው፣ አንዱ በብርማው ቴፕ ሥር ተደብቋል። የባትሪውን ገመድ ንቀል፣ ማከማቻውን የያዘችውን አንዲት ብሎን ፍታ። አሮጌው ላይ የተጠቀለለውን ብርማ ሽፋን ወደ አዲሱ ማዛወር አትርሳ። ሲገጠም ብሎኖቹን አታጥብቅ፣ የሚገቡት ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ከዚያ የስቲም ኦኤሱን (የዴኩን ሲስተም) ማስመለሻ በ8 ጊጋ ፍላሽ ጽፈህ፣ በታይፕ ሲ መቀየሪያ ሰክተህ፣ ድምፅ መቀነሻውን ይዘህ ፓወሩን ተጫን፤ ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ስትመርጥ ከእሱ ይነሳል።

ዳታ ላይ ስሌቱን እይ። 50 ጊጋ ጌም በ10 ሜጋ ቢት መስመር ሳይቆራረጥ 11 ሰዓት ይፈጃል። ያንኑ ጌም ያለው ጓደኛ ካለህ ግን ማውረድ አያስፈልግህም። ስቲም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ጌምን በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ካሉ ኮምፒውተሮች ይቀዳል፦ በሁለቱም ላይ ሴቲንግስ፣ ዳውንሎድስ ውስጥ የኔትወርክ ቅጂውን ክፈቱ፣ ጓደኛህ "ለጓደኞች" የሚለውን ይምረጥ፣ ሁለታችሁም አንድ ሆትስፖት ላይ ግቡ። በ5 ጊጋ ኸርዝ ሆትስፖት 20 ሜጋ ባይት በሰከንድ ካገኛችሁ 50 ጊጋው በ40 ደቂቃ ግድም ያልቃል፣ ከዳታው የሚበላው ለመግቢያና ለማረጋገጫ ያህል ነው። ጌሙ በአንተም አካውንት የተገዛ መሆን አለበት። አንድ ወጥመድ አለ፦ ጌሙ የሊኑክስ ቅጂ ካለው ዴኩ የሚጠይቀው ያንን ነው፣ የጓደኛህ ዊንዶውስ ላይ ግን የለም፤ ስለዚህ ሳታውቅ ከኢንተርኔት ማውረድ ይጀምራል። ቀድመህ በጌሙ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ ፕሮቶንን አስገድድ።

ፕሮቶኑ ራሱና አብሮት የሚወርደው በመቶዎች ሜጋ ባይት ነው፣ የዴኩ የመጀመሪያ አፕዴትም ቀላል አይደለም፤ ይኼን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቁጭ ብለህ ጨርስ። እያንዳንዱን ጌም እዚያው አንዴ ከፍተህ ዋና ሜኑው እስኪመጣ ጠብቅ፤ ያኔ ኦፍላይን ሞድ ቤት ውስጥ አያስቸግርህም። የሼደር ማውረዱን ማጥፋት ይቻላል፣ ዳታም ይቆጥባል፣ ግን አዲስ ቦታ በገባህ ቁጥር ጌሙ ይንተፋተፋል። ዴኩ ላይ ባይጠፋ ይሻላል ባይ ነኝ። የጌሙ ቪዲዮ ቦታ ባለ ቀለም መስመሮች ብቻ ካሳየህ ደግሞ አልተበላሸም፤ ከዲስከቨር (የዴስክቶፕ ሞዱ የፕሮግራም መደብር) ፕሮቶንአፕ የሚባለውን አውርደህ ጂኢ ፕሮቶን የሚባለውን ሌላ የፕሮቶን ዓይነት ጫን።

መብራት። ዴኩ የሚፈልገው 45 ዋት፣ ማለትም 15 ቮልት በ3 አምፔር የሚሰጥ ፒዲ (በታይፕ ሲ ከፍ ያለ ኃይል የሚሰጥ) ቻርጀር ነው። የስልክ ቻርጀር ብትሰካ ቀስ ብሎ ይሞላል ወይም እየተጫወትክ ይወርዳል። ከዱባይ የመጣው ባለ ሦስት ጥርስ ይሆናል፤ ላዩ ላይ 100–240 ካለ አዳፕተር ብቻ በቂ ነው፣ ትራንስፎርመር የሚሸጥልህን አትስማ። ልል በሆነ ዲቫይደር ላይ ግን አትሰካው። ፓወር ባንክ ስትገዛ 20,000 የሚለውን ቁጥር ወደ ዋት ሰዓት ቀይረው፦ 20 ሲባዛ በ3.7፣ 74 ዋት ሰዓት። በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 60 ያህል ይደርስሃል፤ ዴኩን አንዴ ተኩል ይሞላል። እሱም 45 ዋት የሚያወጣ ካልሆነ አትክፈልበት።

ባትሪውን የሚያራዝመው ግን ባለ ሦስት ነጥቡ ቁልፍ ነው። ፍሬም ሬቱን 40 ላይ አድርግ፣ ቲዲፒውን (ቺፑ የሚበላውን የኃይል ጣሪያ) 15 ከሆነበት ወደ 8 ዋት አውርድ። ከባድ ጌም በሙሉ ኃይል ከሁለት ሰዓት በታች የሚጨርሰው ባትሪ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ለሙቀቱም ይጠቅማል፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ፋኑ ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ያነሰ ነው። ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠህ አትጫወት፣ አየር የሚስበው በጀርባው ነው።

እንደ ዴኩ በእጅ ስለሚያዙት አሶስ አላይና ሌኖቮ ሌጅን የጠየቃችሁ፣ ስቲም ኦኤስ ከ3.7 ጀምሮ ሌሎቹንም የኤኤምዲ መሣሪያዎች መደገፍ ጀምሯል፤ ባዛይት የሚባል ተመሳሳይ የሊኑክስ ሲስተምም አለ። ኤፍሲ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ዊንዶውሱን ሳያጠፋ እነሱን ቢያስብ ያዋጣዋል፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

አንተ ሱቁ ጋ ስትሄድ ኢንፎ ሴንተር ላይ የምታየውን የባትሪ ቁጥርና የተጠየቅከውን ዋጋ እዚሁ ሥር ጻፍልን፤ ከመክፈልህ በፊት እናየዋለን።