አርኮ ወይስ ፕሮራሶ? ለኮምቦልቻው ወንድማችን

አብሽር ወንድሜ፤ ይሄ ነገር ያንተ ብቻ አይደለም። ጢምህ ጥቅልልና ጥቅጥቅ ያለ እንደሆነ፣ በተላጨህ ቁጥር አንገትህ ላይ ሽፍታ እንደሚወጣብህ ነግረኸናል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስላለህ ከመላጫ ሳሙና «አርኮ ላስመጣ ወይስ ፕሮራሶ?» ነው ጥያቄህ። እኔ ደሴ ነኝ፤ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ተጠቅሜ ጨርሻለሁ፣ ሌላም ሞክሬያለሁ። ትንሽ ስለሚረዝም ቡናህን ይዘህ አንብበው።

መጀመሪያ ሽፍታውን እንጨርስ። ሳሙና ስትቀይር ይለቀኛል ብለህ ከሆነ ገንዘብህን ታከስራለህ። ጥቅልል ጢም ከሥሩ ሲቆረጥ ጫፉ ሹል ሆኖ ይቀራል፤ ሲያድግ ደግሞ ተጠምዝዞ እዚያው ቆዳህ ውስጥ ይሰካል። የሚያሳክክህና የሚቋጥረው እሱ ነው። ስለዚህ ቆዳህን አትወጥር፣ በአበቃቀሉ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ ላጭ፣ «ለስልሶ ይውጣ» ብለህ ሽቅብ አትመልስበት። የሳሙናው ድርሻ ምላጩ ሳይጎትት እንዲንሸራተትና አንዱን ቦታ እንዳትደጋግመው ማገዝ ነው። ትንሽ ሸካራ ሆኖ ቢቀርስ ማን ሊነካህ ነው?

አርኮ የቱርኩ ኤቭያፕ ኩባንያ ምርት ነው፤ 75 ግራም የምትመዝን ዱላ ሳሙና። ብዙ ሰው ያራሰው ጢሙ ላይ በቀጥታ ያሸትና ከዚያ በብሩሽ ያስነሳዋል። እኔ ግን ማሸጊያውን ልጬ ግማሹን እቆርስና ሰፋ ያለች ሲኒ ውስጥ በአውራ ጣቴ እየደፈጠጥኩ እጠፈጥፈዋለሁ። ለስላሳ ስለሆነ እምቢ አይልም። ጠዋት ጠዋት ብሩሹን እዚያው ሲኒ ላይ ማዞር ነው። አረፋው ወፍራም ነው፣ ፊት ላይ ቶሎ አይደርቅም፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም። እንከኑ ሽታው ነው፤ የሎሚ መዓዛ ያለው የወለል ማጽጃ ሲደፋ የሚሸተውን ይሸታል። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን «ዛሬ ደግሞ ሽንት ቤት አጠብክ እንዴ?» ነው ያለችኝ። ከታጠብክ በኋላ ግን ይጠፋል።

አንድ ሰው «አርኮ ውስጥ ስብ አለ፣ ሐራም አይሆንም ወይ?» ብሎ ነበር። እኔ የተጠቀምኩት ሞራ ያለበት ነው፤ መለያው ላይ «ታሎዌት» የሚል ካነበብክ ሞራ ማለት ነው፣ ያውም በተለምዶ የከብት ወይም የበግ። የአሳማው «ላርድ» ነው የሚባለው። ልብህ ካልተቀበለው ግን የአትክልት ዘይት ብቻ ያለበትን ያዝ፣ ሞልቷል።

እኔን የሚገርመኝ ስለ ሳሙናው ይሄን ያህል ተጨንቀን ብሩሹን መርሳታችን ነው። ርካሹ የመላጫ ብሩሽ አብዛኛው የአሳማ ፀጉር ነው! «ፒዩር ብሪስትል» የሚል ጽሑፍ ካለበት እሱ ነው ብለህ ጠርጥር። እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ ፊቱ ላይ እንዲነካው አይፈልግም፤ ስለዚህ ዘመድህን «ሲንተቲክ (ሰው ሠራሽ ፀጉር) የሚል አምጣ» በለው። ቀድሞ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይፈልግም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አረፋውንም ውጦ አያስቀርብህም።

ወደ ፕሮራሶ ልምጣ። የፍሎረንስ ጣሊያኖች ናቸው፣ የማርቴሊ ቤተሰብ፣ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ድርጅት። ሳሙናቸውን በማሸጊያው ቀለም ነው የምትለየው። ዋናው አረንጓዴው ነው፤ ሜንቶልና የባሕር ዛፍ ዘይት አለበት። እዚህ ላይ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተለያይተናል። እሱ እንዳንተ ኮምቦልቻ ነው፣ በአረንጓዴው ይምላል። «ያን ሙቀት ይዤ ወጥቼ ፊቴ ቀዝቀዝ ሲልልኝ ሌላ ሰው እሆናለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኔ ደሴ ከ2,400 በላይ ላይ ተቀምጬ፣ በሐምሌ ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ፣ በላዩ ሜንቶል ስጨምርበት ጥርሴ ይንገጫገጫል። ሜንቶል ቆዳውን በእርግጥ አያቀዘቅዘውም፤ ብርድ የሚሰማውን ነርቭ ነው የሚቀሰቅሰው። ይሄን ማወቄ ግን አላሞቀኝም። ሽታውም አይሆንልኝም፤ ልጅ ሆኜ ጉንፋን ሲይዘኝ እናቴ ብርድ ልብስ አልብሳ በባሕር ዛፍ ቅጠል የምታጥነኝ ነው ትዝ የሚለኝ። ጠዋት ጠዋት በሽተኛ መምሰል አልፈልግም።

ቀዩ የሰንደል እንጨት ሽታ አለው፣ ወዝም ይተዋል። ለእኔ ሸጋው እሱ ነው፤ ዱዓ የተቀመጠበት ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ሽታ ይሰጥሃል። ወንድሜ ደግሞ «ይከብደኛል» ይላል። ነጩ ለሚቆጣ ቆዳ የተሠራ ነው፤ አጃና አረንጓዴ ሻይ አለበት፣ ሽታው ቀለል ያለ ነው። ሚቸልስ የሚባል የእንግሊዝ ሳሙናም ሞክሬ ነበር፤ የበግ ሱፍ ቅባት፣ ማለትም ላኖሊን አለበት። ቆዳ ለሚሰነጠቅበት የደጋ ሰው ጥሩ ነው፣ ግን አረፋው እስኪነሳ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን ደግሞ ሰው የማያነሳው ነገር፤ ውሃው። አንድ ሳሙና እኔ ቤት እየተንፎለፎለ ዘመድ ቤት የጉድጓድ ውሃ ላይ ሙት ሲሆን አይቻለሁ። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ሳሙናውን ይይዘውና ዝቃጭ ያደርገዋል፣ አረፋ አይሆንም። የውሃ ማፍያህን ውስጡን እየው፤ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ ያንተም እንደዚያ ነው። ክረምት ላይ የጣራ ውሃ አጠራቅመህ ሞክርበት፣ ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ። ሁልጊዜ የጣራ ውሃ ስለማይገኝ ግን ሳሙናውን አብዝተህ ያዝ።

አረፋ አሠራሩም እንዲሁ ነው። ብሩሹን አርሰህ አራግፈው፣ ሳሙናው ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል አዙረው፣ ከዚያ ፊትህ ላይ ጠብታ ጠብታ ውሃ እየጨመርክ አስነሳው። ትልልቅ አረፋ እየሠራ ከፈነዳ ሳሙናው አንሶታል። ደርቆ ብሩሹን ከያዘው ውሃ ጨምር። በደንብ እንደረጋ እርጎ ሲያብረቀርቅ ያኔ ደርሷል። ብዙ ሰው «ይሄ ሳሙና አይረባም» የሚለው እዚህች ጋ ሳይደርስ ነው።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ ደግሞ አጎቴ አለ፤ ዕድሜ ልኩን በላይፍቦይ ቁራጭ ተላጭቶ ፊቱ የሕፃን ፊት ነው። የገላ ሳሙና አረፋው ቶሎ ይደርቃል፣ ምላጩንም እንደ መላጫ ሳሙና አያንሸራትትልህም። የእሱ ጢም ግን ሳሳ ያለና ልል ነው፣ እንዳንተ አልተጠቀለለም። በእሱ አይተህ አትሞክር።

አንዱን ብቻ ካልክ አርኮውን አስመጣ፤ ርካሽ ነው፣ ባይስማማህ አይቆጭህም፣ ከሲንተቲክ ብሩሽ ጋር ሆኖ ለጥቅጥቅ ጢም ይበቃል። ዘመድህ ሁለት ልያዝ ካለ ነጩን ፕሮራሶ ጨምር፤ አረንጓዴው ለአየራችሁ ቢስማማም የተቆጣ አንገት ላይ ሜንቶል አልመክርህም። ሽፍታው እስኪረግብ መላጨቱን ተወት አድርገው፣ ወይ በማሽን አሳጥረው። መግል ከቋጠረ ወይም ጠባሳ እየተወ ከሄደ ግን የእኛን ምክር ተወውና የቆዳ ሐኪም ይየው።