የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የወሎ ደኖችና ጠባቂዎቻቸው

ጥያቄ፦ በደቡብ ወሎ ጋራዎች ተራቁተው ሳለ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያረጁ ጽድና ወይራ የሚታዩት ለምንድን ነው? ከደሴ አንባቢ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ምእመናን የቤተ ክርስቲያንን ዐፀድ እንደ ቅድስናው አካል ስለሚቆጥሩት መጥረቢያ አያነሡበትም፤ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ይህንኑ ታያላችሁ። በሙስሊሙ ዘንድም በታላላቅ ሼኾች መቃብር አጠገብ ያሉ ዛፎች የሚከበሩበት ቦታ አለ። አርጎባዎች ግን ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን አስረው ለእርሻ አብቅተውታል፤ ይህ ሥራቸው ከሚገባው ያነሰ ምስጋና ማግኘቱ ያሳዝነኛል። በምሥራቅ ቆላ ያሉት አፋሮች ደግሞ ግጦሹን በየጎሳቸው ተጋርተው፣ ዝናብና ሣርን ተከትለው ከብቶቻቸውን ያዘዋውራሉ።

መንግሥት በ1970ዎቹ በምግብ ለሥራ (ለሠራተኛው በገንዘብ ፈንታ እህል እየሰጠ) እርከን ያሠራበትና ችግኝ ያስተከለበት ዘመቻ ብዙ ጋራ ቢያለብስም፣ ገበሬው የግጦሽ መሬቱን ሳይጠየቅ በመነጠቁ ደኑን የራሱ አላደረገውም፤ በመሆኑም በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ በብዙ ቦታ ዛፉ ተጨፈጨፈ። ስለዚህ ዐፀዱን ያቆየው እምነት ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ ደኑ የእኔ ነው ማለቱም ጭምር ይመስለኛል።