ሰውን በመልኩና በብሔሩ መርጦ ማስጠራት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ የምሠራው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉ ሆቴሎች በአንዱ በእንግዳ መቀበያ ነው። አንዳንድ እንግዶች አብራቸው የምታመሽ ሴት በደላላ እንዳስጠራላቸው ይጠይቁኛል። «ቀይ ትሁን» ይላሉ፤ «የእነ እገሌን ብሔር አታምጣብኝ፣ ያስቸግራሉ፤ የእነ እገሌ ልጆች ግን ታዛዦች ናቸው» የሚሉም አሉ። ደላሎቹም ዋጋውን በዚሁ ይለያዩታል፤ ለእኔም ድርሻ ይሰጡኛል። እኔ ራሴ ለትዳር የምመኘው ቀይ ሴት ነው፤ ቤተሰቦቼ ደግሞ ከአንዳንድ ብሔር እንዳላገባ ይመክሩኛል። ይህ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያው ነገር ብዙ አልቆይም። በገንዘብ የሚፈጸመው ዝሙት ነው፤ ሰውነታችን የክርስቶስ ብልት መሆኑን ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎልናልና፣ የሚጠራውም፣ የሚያስጠራውም፣ ከዚያም ድርሻ የሚቀበለው ከኃጢአቱ ውጭ አይደለም። ስለ መልክና ስለ ብሔር ያነሣኸው ግን ብዙዎቻችን እንደ ኃጢአት የማንቈጥረው በመሆኑ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ዓይንህ አንዱን መልክ ከሌላው አብልጦ መውደዱ ብቻውን ኃጢአት ነው አልልህም። ያዕቆብ ራሔልን ለውበቷ ወደዳት፤ መጽሐፍም በዚህ አልነቀፈውም። ነገር ግን ያው መጽሐፍ እግዚአብሔር ልያ እንደ ተጠላች አይቶ ማኅፀኗን እንደ ከፈተላት ይነግረናል፤ ጌታችን በሥጋ የተወለደበት የይሁዳ ነገድም የመጣው ከልያ ነው። ስለዚህ ምርጫህ ያልተመረጠችውን በልብህ የሚያሳንስብህ ከሆነ፣ አንተ ያሳነስኻትን እግዚአብሔር እንደሚያይ ዕወቅ።

«የእነ እገሌ ልጆች ያስቸግራሉ» ማለት ግን ከዓይን ምርጫ የተለየ ነገር ነው። አንዲትን ሴት ሳያውቋት፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቁ፣ በወገኗ ስም መፍረድ ነው። «ታዛዦች ናቸው» የሚለው ምስጋና መሳይ ቃልም ከዚህ አይሻልም፤ እንዲያውም የበለጠ ያሳስበኛል። ታዛዥ ናት ተብላ የተጠራች ልጅ ሌላዋ እንቢ የምትለውን ሁሉ እንድትችል ይጠበቅባታልና፤ እንቢ ስትል ደግሞ ቃሏን እንዳጠፈች ተቈጥራ ትሰደባለች፣ ስትመታም «ለምን?» የሚል አይገኝም። ለጠይሟ ዋጋ ሲቀነስባትም ያች ልጅ በኃጢአቱ ከደረሰባት ጉዳት በላይ ፈጣሪ የሰጣት መልክ እንደ ጉድለት ተቈጥሮ በብር ሲተመን ትሰማለች። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ 2ኛ ምዕራፍ ወርቅ ቀለበት ላደረገው የክብር ወንበር ሰጥቶ ድኻውን «ቁም» የሚለውን «ለሰው ፊት ማድላት» ብሎ ወቅሶታል። ለሴት ልጅ መልክና ወገን ዋጋ የሚያወጣውን ምን ይለው ይሆን?

ሙሴ ኢትዮጵያዊቱን ስላገባ ማርያምና አሮን እንዳሙት በዘኍልቍ 12ኛ ምዕራፍ ተጽፏል። ማርያም በለምጽ ነጣች፤ 7 ቀንም ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት። እኛ ይህን ታሪክ ፈረንጅ ጥቁርን ሲንቅ በደስታ እንጠቅሰዋለን፤ «የሐበሻ ሴቶች እንዲህ ናቸው» ብሎ ሲደመድምብንም እንቈጣለን። ነገር ግን ጠቆር ያለችውን እኅታችንን በገዛ ሰፈራችን «ባሪያ» የምንል እኛው ነን። በዚሁ በአካባቢያችን፣ በሲዳማም በወላይታም፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ጋር እንዳይጋባ የሚከለክል ልማድ ኖሯል፤ ዛሬም ከብዙ ቤት ገና አልወጣም። አብረው አንድ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ከአንድ ጽዋ ቈርበው፣ ለጋብቻ ሲሆን «ዘራቸው ሌላ ነው» የሚሉ ምእመናንን ሳይ እጅግ አዝናለሁ።

ቤተሰቦችህ ስለመከሩህ ምክር፦ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዎችን ስታጋባ የምትጠይቀው ሃይማኖታቸውን፣ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌላቸውና በፈቃዳቸው መምጣታቸውን ነው፤ ብሔራቸውን አትጠይቅም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 በዘርና በብሔር ሳይለይ ለአካለ መጠን የደረሱ ሁሉ የመጋባት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ከነዓናዊቱን ረአብንና ሞዓባዊቱን ሩትን በስማቸው ጠቅሷቸዋል። ወላጆችህን በአክብሮት ስማቸው፤ ስለ ልጅቱ ጠባይና እምነት የሚሉህንም መርምር። «ከእነ እገሌ ነች» ከማለት ሌላ ምክንያት ካላቀረቡልህ ግን በዚህ ልትታዘዛቸው አትገደድም፤ ሽማግሌ ልከህ በትሕትና አስረዳቸው።

ስለ ሥራህ፣ ከእንግዲህ ለማንም ሴት አታስጥራ፤ ለሚጠይቅህ እንግዳም «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብለህ በጨዋ ቃል መልስለት። ኃላፊህ የሚያስገድድህ ከሆነ ሌላ ሥራ መፈለግ ግድ ይሆንብሃል፤ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሴቶቹን ግን አትናቃቸው። በእስክንድርያ ለብዙ ዘመን በዝሙት የኖረችውን ግብፃዊቷን ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሚያዝያ 6 ቀን በቅድስና ታስባታለች፤ በሆቴላችሁ በር የምታልፈው ልጅ ነገ ማን እንደምትሆን ስለማታውቅ በስሟ ጥራት፣ ሲመቷትም ዝም አትበል። ከደላሎቹ የተቀበልኸውን ገንዘብ በተመለከተ ምን ያህል እንደሆነ ሳትደብቅ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ምን ልታደርግበት እንደሚገባ እርሳቸው ይወስኑልሃል።